ተሸክማችሁ ስላወጣችሁኝ እኩል ሆንን ማለት አደለም

ሰሞኑን "ድሬ ሰው አትለይም" የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ለኔም የላከልኝ ሰው ብዛቱ፣ ግማሹ "አየሽ፣ እንዲህ ነው እኛ" ብሎ፣ ግማሹ ደግሞ "በይ መልስ ስጪው" ብሎ። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፦ አካል ጉዳተኛ ይገለላል የሚባለው ነገር ከአዲስ አበባ ስብሰባና ከኤንጂኦ ፕሮፖዛል የመጣ ወሬ ነው፣ ድሬዳዋ ላይ ሁሉም በፍቅር ነው የሚኖረው፣ ቅፅል ስሙም ጨዋታ ነው፣ ልጁን ቤት የሚያስቀምጥ ወላጅም ከፍቅር ነው፣ ቁጥራቸውም ቢሆን ትንሽ ነው፣ ጎበዙ እንደነ ሯጯ ትዕግስት ገዛኸኝ ሜዳልያ ያመጣል ሰነፉ ቁልቢ ሄዶ ይለምናል፣ ህጉም በሽ ነው። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ኮንትራክተር መሆኑን ይነግረንና ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ደረጃ የሌለው ተዳፋት መግቢያ) መስራት ቦታ መብላት ነው ብሎ ይዘጋል።

እኔ እዚሁ ድሬ ተወልጄ ያደግኩ፣ በህፃንነቴ ፖሊዮ የያዘኝ፣ በዊልቸር የምሄድ ሒሳብ ሰራተኛ ነኝ። የቀፊራና የታይዋን ገበያ ነጋዴዎችን መዝገብ ነው የምሰራው። ሁለታችንም የድሬ ልጆች ስለሆንን አንቱ ምናምን ሳልል ልቀጥል፣ አቦ እንዳትቀየመኝ።

ከፍቅሩ ልጀምር፣ አንተም የጀመርከው ከሱ ነው። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ጎረቤት ጎረቤቱን ተሸክሞ አወጣ፣ ሃይማኖትህ ምንድነው ብሔርህ ምንድነው ያለ የለም ብለሃል። እውነት ነው። እኔንም ያወጣኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ አዝሎኝ፣ ውሃው ጉልበቱን እያለፈ፣ እኔ የሸሚዙን ኮሌታ አንቄ ይዤ እሱ "አንገቴን ልቀቂ ልታፍኚኝ ነው" እያለ። ስለዚ የድሬን ሰው ደግነት ለኔ ማስረዳት አይጠበቅብህም። ግን ጎርፍ ሲመጣ ሰው መሸከም ሌላ ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግብር ልትከፍል የሄደችን ሴት መሸከም ሌላ ነው።

አንድ መስሪያ ቤት ነው፣ ስሙን ተወው። መግቢያው ላይ ደረጃ አለ፣ ጉዳዩ የሚያልቀው ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ጥበቃው አየኝና "አይዞሽ እህቴ" አለ፣ ያመጣኝ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ መጣ፣ ጫት በፌስታል የያዘ ሰውዬ ፌስታሉን በጥርሱ ነክሶ ገባበት፣ አንድ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ተጨመረ። እኔ ገና "እስቲ አንዴ..." ብዬ ሳልጨርስ አየር ላይ ነኝ። አንዱ የዊልቸሩን የእጅ መደገፊያ ነው የያዘው፣ እሱ ደግሞ ተነቃይ ነው፣ ወደ ላይ ከሳብከው ብቻውን ይወጣል፣ "እሱን አትያዘው ይነቀላል!" ብዬ ስጮህ "አትፍሪ አትፍሪ" ይለኛል፣ ፈርቼ መሰለው። ቀሚሴ ጎማው ውስጥ ገብቷል፣ የማላውቀው ሰው እጅ ጭኔ ስር ነው፣ ደረጃው ላይ የቆመው ሰው ሁላ ዞሮ እያየ "ማሻአላህ፣ እግዜር ይስጣችሁ" እያለ ይመርቃቸዋል። ፎቅ ደረስን። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ ምን አለችኝ፣ "ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ።"

እንግዲህ መውረድም አለ።

እነዛ ሰዎች ላይ አንዲት ቅሬታ የለኝም፣ ወላሂ ላባቸው እስኪንጠባጠብ ነው የለፉት። ግን አንተ ይሄን አይተህ "አያችሁ እንዴት እንደምንዋደድ" ብለህ ትጽፋለህ፣ እኔ ደግሞ ከዛ ቀን በኋላ የራሴን ጉዳይ ለማስፈፀም ታናሽ ወንድሜን ነው የምልከው። የራሴን ፊርማ የሚፈልግ ነገር ካልሆነ በቀር እዛ ቤት አልሄድም። ሰው በሚዋደድበት ከተማ ውስጥ እንዲህ እየሆነ ነው ሰው ከመንገድ የሚጠፋው፣ ማንም ሳይከለክለው። ደሞ መስማት የተሳናት ጓደኛዬን ብትጠይቃት ሌላ ነው የምትነግርህ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥታ ወረፋ ትይዛለች፣ ስሟ በአፍ ይጠራል፣ አትሰማም፣ ያልፋታል። ሁሉም ፈገግ ብሎላት ወንበር ለቆላት ነው ተራዋ የሚያልፋት።

የሚያናድደኝ ደግሞ ምን መሰለህ፣ ድሬ እኮ ሜዳ ናት። ለባቡር ተብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ባቡር ዳገት አይወድም። የከዚራ ሰፈር መንገድ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ሰፊ፣ ጥላ ያለው ነው፣ አንተ ራስህ ጽሑፍህ ላይ አሞካሽተኸዋል። ሐረር ጀጎል ውስጥ የምትኖር እንደኔው ዊልቸር የምትጠቀም ጓደኛ አለችኝ፣ እኛ ጋ ስትመጣ በቅናት ነው የምታልቀው። ጀጎል ቁልቁለቱ፣ ድንጋዩ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው መተላለፊያ፣ እሱም ዩኔስኮ የመዘገበው ቅርስ ነው አፍርሰህ አስፋው አይባልም፣ ይገባኛል። እኛ ግን እግዜር ሜዳ ሰጥቶን ሜዳው ላይ ደረጃ እንሰራለን።

ስለቅፅል ስም ያልከውን በግማሽ እስማማለሁ። ድሬ ላይ ቅፅል ስም የሌለው ሰው እንግዳ ነው፣ እኔንም ሰፈር "ጎማ" ነው የሚሉኝ፣ የኔ ሰዎች ሲሉኝ እስቃለሁ። የወንድሜ ቅፅል ስም ግን አንድ ቀን ኳስ ሜዳ ላይ ከሰራው ጉድ የወጣ ነው፣ የኔ ምንም ሳልሰራ ተዘጋጅቶ የጠበቀኝ ነው። ልዩነቱን አንተ ፍረደው፣ ብዙ አልጨቃጨቅበትም።

"ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ መቶ ሰው ውስጥ አንድ ነው" ያልከውን ግን አላልፈውም። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣኸው አውቃለሁ። የ1999ኙ ህዝብ ቆጠራ 864,218 አካል ጉዳተኛ ነው ያገኘው፣ ከጠቅላላው ህዝብ 1.17 በመቶ። እሺ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በፈረንጅ 2011 ባወጡት ሪፖርት ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ፊት ለፊት የተቀመጠው 17.6 በመቶ ነው። ያው አንድ አገር፣ ያው ህዝብ። እኔ ሒሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ሁለት መዝገብ እንዲህ ሲራራቅብኝ መጀመሪያ የማየው አጠያየቁን ነው። ቆጣሪ በር አንኳኩቶ አባወራውን "ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?" ካለው አባወራው የሚያስበው ሽባና ዓይነ ስውር ነው፣ እሱም ካላፈረ። "መነፅር ብታደርግም ለማየት ትቸገራለህ? ለመስማትስ? ለመራመድ፣ ደረጃ ለመውጣት? ለማስታወስ? ራስህን ለማጠብ፣ ለመልበስ? ከሰው ለመግባባት?" ብለህ ከጠየቅክ ግን አያትየው ይገባሉ፣ ስኳር ዓይኑን የያዘው አጎት ይገባል፣ በባጃጅ አደጋ ዳሌዋ የተሰበረችው ትገባለች። በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ ነው የሚባለው እንደዛ ሰፋ ተደርጎ ሲታይ ነው። ስለዚ ትንሽ ነን አትበለኝ፣ ትንሹ የተቆጠርነው ነው።

ያልተቆጠሩት የት እንዳሉ ደግሞ ልንገርህ፣ "ወላጅ ቤት የሚያስቀምጠው ከፍቅር ነው" ያልክበት ቦታ ነው ያሉት። ከማህበራችን ልጆች ጋር ገንደ ቆሬ ሰፈር ቤት ለቤት ምዝገባ ስንሰራ አንድ ግቢ ገባን። ሴትየዋ ልብስ እያሰጣች ነበር። አካል ጉዳተኛ አለ ወይ አልናት፣ የለም። ልጆችሽ ስንት ናቸው አልናት፣ ሶስት አለች፣ ሶስቱም ትምህርት ቤት ናቸው። ልንወጣ ስንል ከኋላ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል ድምፅ መጣ፣ ለቅሶም አደለም ጥሪም አደለም። ሴትየዋ መቆንጠጫውን አፏ ውስጥ እንደያዘች እኔን አየችኝ፣ አብረውኝ ያሉትን አላየችም፣ እኔንና ዊልቸሬን ነው ያየችው። ከዛ መቆንጠጫውን አውጥታ "አራተኛ አለ" አለች።

ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ ነው ያለው፣ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት ሰውነትን እንደልብ ማዘዝ የሚያሳጣ ነገር ነው፣ ምጧ ከመጠን በላይ ቆይቶ ሲወለድ አላለቀሰም ነበር አለች፣ ማለት አየር አጥሮት። ፍራሽ ላይ ተኝቷል፣ ንፁህ ነው፣ ፀጉሩ ተቀብቷል፣ ከሷ ይልቅ የሱ ልብስ ነው አዲሱ። ከፍቅር ነው ያልከው እዚህ ጋ ትክክል ነህ፣ እኔም ፍቅር ነው ያየሁት። ግን ሴትየዋ ምን አለችን፣ ህፃን እያለ አዝዬው እዞር ነበር፣ አሁን አስራ ሁለት አመቱ ነው አቅም አጣሁ፣ ባጃጅ ኮንትራት ካልሆነ አይጭነኝም፣ የኮንትራት አንድ ሁለቴ ከፈልኩ ሶስተኛው ላይ አለቀብኝ፣ ትምህርት ቤት "ራሱን ሲችል አምጪው" አለኝ፣ ጎረቤት ደግሞ እርግዝናሽ ላይ ምን ረግጠሽ ነው፣ ዛር ነው፣ የባልሽ ዘመድ እርግማን ነው እያለ። አባትየው ትልቋ ልጅ ለጋብቻ ስለደረሰች ነገሩ እንዳይሰማ ይፈልጋል። እስቲ ፍቅሩን ከዚ ውስጥ ለይተህ አውጣልኝ። ይቺ ሴት ልጇን የደበቀችው ስለማትወደው ነው ብሎ ማንም አልከሰሳትም፣ የተከሰስነው እኛ ነን፣ ውጪው ላይ ያለነው፣ ባጃጁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ አማቹ። አንተ ግን ፍቅር ነው ብለህ በሩን መልሰህ ዘጋህባት።

እግረ መንገዴን፣ ስለእርግማኑ። "ከላይ የመጣ ፈተና ነው፣ በፀጋ መቀበል ነው" ብለህ አንድ አንቀፅ ጽፈሃል። ሰው በእምነቱ ቢፅናና ምን ገዶኝ፣ እናቴም እንደዛው ነበረች። እኔን ግን የያዘኝ ቫይረስ ነው። በተበከለ ውሃና ምግብ ገብቶ አከርካሪ ውስጥ ያሉትን ጡንቻ የሚያዙ ነርቮች ይገድላል፣ ደግሞ ከያዛቸው 200 ያህል ሰዎች አንዱን ነው ሽባ የሚያደርገው፣ ሌላው ጉንፋን መሰለኝ ብሎ ያልፋል፣ ወይ ጭራሽ አያውቀውም። ያኔ ሰፈራችን ስንቱ ልጅ ከኔ ጋር አንድ ውሃ እንደጠጣ አላህ ይወቀው። መከላከያው ምላስ ላይ የምትንጠባጠብ ሁለት ጠብታ ናት። ፈተና ነው እያልን ዝም ካልን ጠብታዋን የያዘችው የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ በሩን ስታንኳኳ ማን ይከፍትላታል?

ወደ ልመናው እንምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ድምፅህ ተቀየረ። እስከዛ ድረስ ፍቅር ፍቅር ስትል ቆይተህ ድንገት "ታህሳስና ሐምሌ 19 ቁልቢ ሂዱና እዩ፣ ቢዝነስ አድርገውታል፣ መስራት አይፈልጉም" አልክ። ቢዝነስ ያደረገው የለም አልልም፣ ሙሉ አካል ያለውም ቁልቢ ላይ እግሩን ጠቅልሎ የሚቀመጥ አለ፣ ሁላችንም አይተናል። ግን እኔን ልንገርህ። አንድ ቀን የአንድ ነጋዴ የሳምንት ሽያጭ ባንክ ላስገባ ወረፋ ላይ ነኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ብር ከኔ የዓመት ገቢ ይበልጣል፣ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ፈተው አስር ብር አወጡና እጄ ላይ ጣል አደረጉልኝ። "እማማ እኔ እኮ ሰራተኛ ነኝ" አልኳቸው። "ይሁን ልጄ ለነፍሴ ነው፣ ተቀበይኝ" አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ምን ላድርግ፣ ተቀበልኩና "እግዜር ይቀበልልዎ" አልኩ። ወረፋው ላይ ያለው ሰው ሁላ አሜን አለ። እሳቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ነገሩ ይሄ ነው፣ አንተ ለማኝ መሆን ምርጫ ነው ትላለህ፣ እኔ ሳልለምን፣ ፀጉሬን ተሰርቼ፣ ደረሰኝ ይዤ፣ ከተማው ለማኝነቴን ወስኖ ጨርሷል። አጥብቄ የምለምነው ነገር ካለ ስራ ነው።

የስራውን ነገር ደግሞ በአጭሩ ልንገርህ፣ እዚሁ ከተማ አንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሰራተኛ ፈልጎ የፅሁፍ ፈተና ፈተነኝ፣ አለፍኩ፣ በስልክ አወሩኝ፣ ደስ አላቸው፣ ነገ ነይና ኮንትራት እንፈራረም አሉኝ። ሄድኩ። ስራ አስኪያጁ ከላይ እስከታች አየኝና መጀመሪያ ያለው "ውይ፣ ፊትሽ ደግሞ እንዴት ያምራል" ነው። ይቺን የሰማ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ሁላ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ነው አለኝ። ሒሳብ መዝገብ እኮ ምድር ቤትም ይሰራል አልኩት። "ደንበኛ ይመጣል፣ ታውቂያለሽ፣ ሰዉ ይከብደዋል" አለ። ከዛ ለታክሲ ብሎ ብር አወጣ። እንዳልኩህ ነው፣ ብር ለመስጠት የማንም እጅ አያጥርም፣ የሚያጥረው ደሞዝ ሲባል ነው።

አንተ "ህጉ አለ" ብለሃል፣ አዎ አለ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን በጉዳቱ ምክንያት ከስራ መከልከል አይቻልም ይላል፣ አሰሪው ስራ ቦታውን ማመቻቸት አለበት ይላል፣ ደሞ ደስ የሚለው ነገር ተገለልኩ ብሎ የሚከሰው ሰው ሁሉንም ማስረጃ ይዞ እንዲመጣ አይጠብቅም፣ አላገለልኩም ብሎ ማስረዳት የአሰሪው ሸክም ነው። እኔ ያኔ ይሄን አንቀፅ አላውቀውም ነበር፣ ያ ስራ አስኪያጅም አያውቀውም፣ ቢያውቀው "ሰዉ ይከብደዋል" ብሎ በአፉ አይነግረኝም ነበር፣ "ቦታው ተይዟል" ብሎ ይሸኘኝ ነበር። አሁን አሁን እንደዛ ነው የሚሉት፣ ሰለጠኑ። ቤት ኪራይም ያው ነው፣ አንዷ አከራይ "ዊልቸሩ ሴራሚኩን ይቧጭርብኛል" አለችኝ፣ የጎማ ጎማ ነው አልኳት፣ አላመነችኝም።

ጀግኖቹን ለምን እንዳመጣሃቸው ገብቶኛል። ትዕግስት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ በ1500 ሜትር ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ እኔም ጮኼያለሁ። አበበ ቢቂላን አንስተሃል፣ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላም እጁን አልሰጠም፣ ቀስት ተወዳደረ ብለሃል። ልክ ነው፣ ግን መሀሏን ዘለልካት። አበበ እኮ ለህክምና ወደ እንግሊዝ ነው የተላከው፣ ስቶክ ማንዴቪል፣ በአከርካሪ ጉዳት ህክምና የታወቀ፣ እንዲያውም የፓራሊምፒክ መነሻ የሆነ ሆስፒታል። ቀስቱንም የተወዳደረው እዛው ነው። ፅናቱ የራሱ ነው፣ ሆስፒታሉ ግን በፅናት አይገኝም።

የትነበርሽ ንጉሴን ደግሞ ባታነሳት ይሻልህ ነበር። ዓይነ ስውር ናት፣ የህግ ባለሙያ ናት፣ በፈረንጅ 2017 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች፣ "ፍላጎት ካለ ሁሉም ይቻላል" አልክ። እሷ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብታ ነው የተማረችው፣ ትምህርት ቤቱ ባይኖርስ ኖሮ ፍላጎቷን ይዛ የት ትሄድ ነበር? እሱም ይቅር። የፍትሐብሔር ህጋችንን ክፈትና ቁጥር 1728ን አንብብ፣ 1952 የወጣ ነው። ዓይነ ስውር ሰው የፈረመው ውል ውል አዋዋይ ወይም ሬጅስትራር ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አይፀናበትም ይላል፣ ዓይነ ስውሩን ማንበብና መፃፍ ከማይችል ሰው ጋር በአንድ መስመር አስቀምጦት። አስበው፣ ህጉን የተማረችው ሴትና ፊደል ያልቆጠረ ሰው አንድ ናቸው። የታሰበው ለመከላከል ነው፣ እንዳይታለሉ ተብሎ፣ መነሻውን አልጠላውም። ግን እኔ የማውቀው ዓይነ ስውር የታሪክ መምህር አለ፣ የራሱን ደሞዝ ለማውጣት ባንክ ሲሄድ "ምስክር ይዘህ ና" ይባላል። ሚስጥር ቁጥሩን ለምስክሩ ይነግራል ማለት ነው። ተማሪዎቹን ፈትኖ የሚያስተምር ሰው አንድ ቀን ተማሪውን ነው ምስክር ይዞ የሄደው። ከዚ በኋላ ክፍል ገብቶ ፀጥታ ሲል ተማሪው ስንት ብር እንዳለው ያውቃል እኮ፣ ሳቅ ያስቃል ግን ምንም አያስቅም። አንተ የምትለው ጀግና መሆን ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ የሚቀርህ አቅም ነው።

እና ራምፑ። እዚህ ጋ በሙያህ ነው የመጣኸው፣ እኔም በሙያዬ ልመልስልህ። ሶስት ነገር ብለሃል፦ ድሬ ጎርፍ ስላለ ወለል ከፍ ማድረግ ግድ ነው፣ ራምፕ ቦታ ይበላል፣ ተጠቃሚም የለውም። በ2001 የወጣው የህንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ አንቀፅ 36 ህዝብ የሚገለገልበት ህንፃ ዊልቸር የሚጠቀም ሰውና ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው የሚገባበት መንገድ ይኑረው፣ መፀዳጃ ቤትም እንደዛው ይላል፣ ደስ ካለህ ስራው አይልም። ስለዚ ክርክራችን ይሰራ አይሰራ ላይ አደለም፣ እንዴት ይሰራ ላይ ነው።

ወለሉን ከፍ አድርገው፣ እሺ። ሶስት ደረጃ እንበል፣ አንዱ 16 ሳንቲ ሜትር፣ ድምሩ 48። በተለመደው መለኪያ ለእያንዳንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ነው፣ ስለዚ 5 ሜትር ከ76። ፊት ለፊት ቀጥ አድርገህ ከሰራኸው እውነትም ቦታ ይበላል፣ ህንፃው ጎን አስጠግተህ ከሰራኸው ግን የሚበላው የዊልቸር ስፋትና ትንሽ ትርፍ ነው፣ አሁን ያ የአበባ ማሰሮ የምትደረድሩበት ቦታ ማለት ነው። እናንተ የምትሰሩት ራምፕ ግን እንደዛ አደለም። ከተማችን ላይ ያሉትን እየዞርኩ አይቻቸዋለሁ፣ ሶስት ደረጃውን ሁለት ሜትር በማይሞላ ቁልቁለት ላይ ትጥሉትና ከላዩ ላይ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ትለጥፉበታላችሁ። እሱ ላይ ዊልቸር አይወጣም፣ መውረድ ከሆነ ይወረዳል፣ መንገዱ መሃል ድረስ። አንዱ ባንክ ደጃፍ ላይ ያለው ታች ጫፉ ላይ የጥበቃው ወንበር ነው ያለው፣ ሰውዬውም ልክ ናቸው፣ ጥላው እዛ ነው። አንዱ ደግሞ ራምፑ ካለቀ በኋላ በሩ ላይ አንድ እርከን አለ። አንድ። ያንን የሰራው ሰው ራምፑን ጨርሶ ቀና ሲል ምን አይቶ እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

"ተጠቃሚ የለውም" ላልከው፣ ባለፈው በትክክል የተሰራ አንድ ራምፕ ያለበት ህንፃ ስር ቁጭ ብዬ ሰው ስጠብቅ አየሁት። የህፃን ጋሪ የምትገፋ አለፈች፣ የውሃ ጀሪካን በጋሪ የሚያመላልስ ልጅ አለፈ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ደረጃውን ትተው በሱ ወጡ፣ ፍሪጅ የሚያስገቡ ልጆች "አቦ በዚ በዚ" ብለው ፍሪጁን በሱ አንሸራተቱት። እኔ ብቻ ነኝ ያልወጣሁበት፣ ጉዳይ አልነበረኝም።

ወጪውን በተመለከተ ከሙያዬ አንፃር የምነግርህ፣ መሰረት ስታወጣ አስበህበት ከሰራኸው ሲሚንቶና አሸዋ ነው፣ ከዛው ከሚሞላው ሙሌት ጋር የሚሄድ። ህንፃው ካለቀ በኋላ ግን ደረጃ ታፈርሳለህ፣ እብነ በረድ ትነቅላለህ፣ ያኔ እውነትም ኪሳራ ነው። ጽሑፍህ ላይ ሳቢያን አካባቢ አዲስ ህንፃ ልትጀምር እንደሆነ ጠቅሰሃል። ቁፋሮ ሳትጀምር የመግቢያውን ፕላን ላክልኝ፣ መጥቼ ቦታውን አየዋለሁ፣ የት ጋ ዊልቸር እንደሚዞር የት ጋ እንደማይዞር ሜትር ይዤ እነግርሃለሁ። በነፃ ግን አደለም፣ የሙያ ክፍያ አለው፣ ደረሰኝም እቆርጥልሃለሁ። ለባጃጅ ብለህ ብር ብታወጣ አልቀበልህም፣ ክፍያው ውስጥ አስገባዋለሁ።